ስምንት ብረት፣ አንድ እጅ

ከአዋሽ ወንዝ ወዲህ እንደ እኔ ያለ በያጅ አልተወለደም። ይህን የምለው በትሕትና ነው። በአርሲ ደጋ ነፋስ ተነስቶ የአገሩን ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ሰሌን ሲጠቀልል ንቅንቅ ያላለ ጣሪያ ካያችሁ፣ ከሥሩ ቆማችሁ ቀና በሉ፤ የታደሰ እጅ ነው። እዚህ ድረስ ጽፌ ለባለቤቴ ባነብላት፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም፣ "መጀመሪያ የአልጋችንን እግር አስተካክል" አለችኝ። እውነቷን ነው። የገዛ አልጋችንን እግር ሦስት ጊዜ በየድኩት፤ አራት ጊዜ ተሰበረ። አራተኛው እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን ዓይኔ ከእሳቱ ጋር ስለተጣላ ማሽኔን ሸጬ ምስማርና ቆርቆሮ እቸረችራለሁ። ሰሞኑን አንድ በያጅ ሱቄ መጣና ዋጋ ሲከራከረኝ ቆይቶ፣ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። "ምስክር ወረቀት ያለኝ በያጅ ነኝ፤ ቅናሽ አድርግልኝ" አለኝ። "እኔም አለኝ" አልኩትና ሳንቲም ሳልቀንስ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ወረቀቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የራሴ ወረቀት እንዴት እንደተገኘ ትዝ አለኝ። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሰፈሬ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ተብዬ፣ አሰላ ውስጥ ወደ ናዝሬት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ኦፊቺና፣ በብረት ሥራ ቤት፣ ተቀጠርኩ። ሥራችን ለየወረዳው የእህል ጎተራ፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ የወተት መኪና አካል፣ አጥርና በር መሥራት ነበር። ደመወዜ ለሲጋራና ለኮት ትበቃለች፤ ለሁለቱም በአንድ ወር ግን አትበቃም።

መጀመሪያ የላኩኝ ሲሬ ነበር። የገበያውን መጋዘን በር ሠርቼ በኩራት ስገጥመው፣ ማጠፊያውን በግራ በኩል ስለበየድኩት በሩ ሲከፈት መንገዱን ይዘጋዋል። የሲሬ ነጋዴዎች አህያ በመጣ ቁጥር በሩን እየዘጉ አሳልፈው ይከፍቱታል። አንዱ፣ "ይህን የሠራ ሰው አህያ ጠልቶ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የሠራው ሰው ከጎኑ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ቀጥሎ ኦጎልቾ ወረድኩ። ያ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ብረቱን ከኤሌክትሮዱ፣ ከመበየጃው ዘንግ፣ ቀድሞ ሊያቀልጠው ይደርሳል። እዚያ ነው ከኦቦ ከድር ጋር የተጣበቅሁት።

ኦቦ ከድር የኦፊቺናው ታላቅ በያጅ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ላይ የእሳት ብልጭታ እንደ ብል የበላቸው ቦታዎች ያሉ ሰው። ሙያውን በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ነው የተማሩት። ጣሊያኑ ትቶላቸው የሄደው ሦስት ቃል ነው፤ ሞርሳ፣ ፒንሳና ፒያኖ። ሞርሳ የብረት መያዣው፣ ፒንሳ ጉጠቱ ነው፤ ፒያኖ ማለት ቀስ በል ማለት ነው። እኔን ሲያስተምሩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ጣሊያንኛውንም አንድ ላይ ነበር የሚያፈሱብኝ፤ "ፒያኖ፣ ኢልማ ኮ! ልጄ፣ ብረት ከብት አይደለም አትንዳው!"

ኦጎልቾ ላይ ከምንሠራው የውኃ ታንከር ጎን የሚቆም የአሉሚኒየም መሰላል ነበር። ብረት ሲናደድ ይቀላል፤ ያስጠነቅቃል። አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት እንደ ውኃ መሬት ላይ ይፈሳል። የመሰላሉን ሁለት እርካብ እንዲህ አፍስሼ አማትቤ ቆሜ ሳለ ኦቦ ከድር መጡ። ከኪሳቸው የልብስ ሳሙና አወጡና አሉሚኒየሙ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ነበልባሉን ከሩቅ አስጠጉ። ሳሙናው ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። "አሁን ደርሷል" አሉ። "እሱ ስለማይናገር ሳሙናው ይናገርለታል።" ለአሉሚኒየም የሚሆን የሽቦ ብሩሽም ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚይዙት፤ ብረት የነካው ብሩሽ አሉሚኒየም እንዲነካ አይፈቅዱም። አንድ ቀን በዚያ ብሩሽ የጫማዬን ጭቃ ስጠርግ ያዙኝ። ሦስት ቀን ሰላምታ ነሱኝ።

የእሳቸው ዋና አመል ግን የኤሌክትሮዱ ነገር ነው። አሰላ ደጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከቺላሎ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይተኛል። ኤሌክትሮድ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ኤሌክትሮድ ይተፋል፣ ይጣበቃል፤ የበየደው ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስልና ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ኦቦ ከድር ማታ ማታ የኤሌክትሮዱን ጥቅል ተሸክመው ከኦፊቺናው ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ይወስዱና ከምድጃው አናት ላይ ያሳድሩታል። ጠዋት ሞቅ ሞቅ እንዳለ ያመጡታል። የእኛ ኤሌክትሮድ የትኩስ ዳቦ ሽታ ነበረው። በረመዳን ጾም ኦቦ ከድር ጥቅሉን ይዘው ሲገቡ ፊታቸውን ያዞሩና፣ "ሰው ፈተናው ከሰይጣን ይመጣበታል፤ የእኔ ከዳቦ ቤት" ይሉ ነበር።

ሁለተኛው አመላቸው አመል ሳይሆን የቤቱ ሥርዓት ነው። ሁለት ወፍራም ብረት ሲጋጠም ከታች፣ ሁለቱ ጫፎች በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ስፌት ሥር ይባላል። ሌላው ሁሉ በላዩ ይደረባል። ሥሩ ካልያዘ የላዩ ጌጥ ነው። በኦፊቺናችን ታላቅ ሰው እያለ ታናሽ ሥር አይጀምርም። ማዕድ ላይ ሽማግሌ ሳይቆርስ እጅ እንደማይሰደድ ማለት ነው። ኦቦ ከድር ጭንብላቸውን ወረድ አድርገው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ሥሩን ያስይዛሉ፤ እኛ ከላይ እንደርባለን። ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን እንደ ምርቃት ነበር የምንቀበለው። አራት ዓመት እንዲህ ሠራን። በአራት ዓመት ውስጥ እኔ አንድም ሥር ብቻዬን አስይዤ እንደማላውቅ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ መሐንዲስ መጣ። የውጭ አገር ሰው ነው፤ ብየዳ ባየ ቁጥር ተንበርክኮ ከሥር ስለሚያይ "ተንበርካኪው" አልነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ዲክሲስ ላይ ትልቅ የእህል ጎተራ ሊሠራ ነበር፤ ጣሪያው ያለ መሐል ምሰሶ የሚቆም፣ የአየር ማስገቢያው ክፈፍ አሉሚኒየም የሆነ። ሰብስቦን፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ ሸክም በሚሸከም ብረት ላይ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው እጁን እንዳያሳርፍ ነገረን። ሁላችንም እንፈተናለን። ያለፈ ዲክሲስ ይሄዳል፤ የወደቀ አጥርና በር ይሠራል።

ካቦአችን አቶ በቀለ፣ "ሃያ ዓመት የበየደ ሰው ዛሬ ደብተር ይዞ ሊማር ነው?" ብለው አጉረመረሙ።

መሐንዲሱ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። "በጣም ደስ ብሎናል ነው የሚሉት" አልኩት። እንዲህ ነበር የማስተረጉመው። ከሁለቱም ወገን እያሳመርኩ፤ ሰላም የሰፈነው በእኔ ነው።

የፈተናው ቀን ለስምንታችን የትንሽ ጣት ውፍረት ያላቸው ሁለት ሁለት ብረት ታደለን። መሐንዲሱ፣ "እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይበይድ" ብሎ ቢሮ ገባ። ተርጉሜዋለሁ፤ በትክክል። ማናችንም ግን የራስን መበየድ ማለት ታላቅ ሳይጀምርልህ መበየድ ነው ብለን አላሰብንም። ኦቦ ከድር እንደ ልማዳቸው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ፣ "ቢስሚላህ"፣ ሥሩን አስያዙልን። እኛ ደረብን። የተደበቀ ነገር የለም፤ መሐንዲሱ ብቅ ቢል ኖሮ ፊት ለፊቱ እናደርገው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከየብረቱ ስስ ቁራጭ ተቆርጦ በብረት ማጠፊያ ማሽን ታጠፈ። ብየዳው ከተሰነጠቀ ወደቅህ ማለት ነው። ስምንቱም እንደ ፈረስ ጫማ ታጠፉ፤ አንድም አልተሰነጠቀ። ጮቤ ረገጥን። መሐንዲሱ ግን ስምንቱን ገልብጦ ደረደራቸው፤ ተንበረከከ። ከጀርባቸው የሥሩ ስፌት በአንዲት ሴት እጅ የተሠራ ሹሩባ ይመስል ነበር፤ እኩል፣ ጥብቅ፣ ስምንቱም አንድ።

ሲነሳ ፊቱ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ደስታ ነው። "ይህ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነው" አለኝ። "ፈተናው አይቆጠርም፤ እያንዳንዱ ብቻውን ነበር ያልኩት። ግን በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሥር አላየሁም። የማን እጅ ነው? ያንን ሰው ዲክሲስ ላይ የበያጆቹ አለቃ አደርገዋለሁ።"

ሰባት ሰው አፌን ያያል። ኦቦ ከድር መነጽራቸውን በፎጣቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው። በእንግሊዝኛ "የእሱ" ለማለት አንድ ቃል ይበቃል። "የእኔ" ለማለትም አንድ ቃል ይበቃል። አፌ የቀረበውን አነሳ።

"የእኔ" አልኩት።

"ምን አለ?" አሉኝ አቶ በቀለ።

"ሥራው ደስ ብሎታል።"

መሐንዲሱ እጄን ጨበጠና፣ ነገሩን የሚያበላሸውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። "እንግዲያው አንድ ፊቴ ላይ ሥራልኝ።"

ያኔ ላብ ማለት ምን እንደሆነ አወቅሁ። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ተንቦጫቦጨ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ትንሽ ብቻ ነው የማጋንነው። ሁለት አዲስ ብረት ተገጠመ። የጠዋቱ ስላለቀ ከሁለተኛው ጥቅል ኤሌክትሮዶች መዘዝኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። እሳቱን ጫርኩ፤ ተጣበቀ። ነቀልኩት፤ ደግሜ ጫርኩ። ስንጥቁ ሰፋና እንደ ተቀደደ ኪስ ተከፈተ። እሱን ልደፍን ስል ቀጣዩን ሳላስይዝ አለፍኩ። እንደ ምንም ብዬ ከላይ አለባበስኩት። በላዩ በጣም ቆንጆ ነበር፤ መሸፈን ላይ ዛሬም የሚስተካከለኝ የለም።

ማጠፊያው ገና ሩቡን ሳይጫነው ብረቱ "ቋ!" ብሎ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ቁራጭ ተንከባልሎ የመሐንዲሱ ጫማ ጫፍ ላይ ቆመ።

መሐንዲሱ ቁራጩን አነሳ፤ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አቶ በቀለ፣ "ታደሰ፣ ይህን ሰው ምን ብለኸዋል?" አሉ። እንግሊዝኛ ባይችሉም ሰው ያውቃሉ።

ኦቦ ከድር መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፊት መጡ። እሳቸውም አንድ ቃል እንግሊዝኛ አያውቁም። ውሸት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ነገሩ ሁሉ ገብቷቸዋል።

"ኢልማ ኮ ታደሰ፣ ንገረው" አሉኝ። "ኤሌክትሮዱ እርጥብ ነው በለው። ይህን ጥቅል ትናንት ማታ ዳቦ ቤት አልወሰድኩትም። ረሳሁ። የከድር ጥፋት ነው በለው።"

"ኦቦ ከድር፣ እርስዎ እኮ..."

"ንገረው አልኩህ።"

የቀሩት ኤሌክትሮዶች በግራ እጄ ነበሩ። ደረቅ ናቸው፤ የትኩስ ዳቦ ሽታቸው ገና አልለቀቃቸውም።

ተረጎምኩት። ከእኛ ወገን ለመሐንዲሱ ሳልጨምር ሳልቀንስ የተረጎምኩት የመጀመሪያው ንግግር ይህ ነው።

መሐንዲሱ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። "ይህን የሚረሳ ሰው የሰው አናት ላይ የሚቆም ጣሪያ ሊሠራ አይችልም" አለ። "አጥርና በር ይሥራ። እናንተ ሰባታችሁ ከወር በኋላ ትፈተናላችሁ፤ እያንዳንዱ ከሥር እስከ ላይ ብቻውን።" ይህንንም ተረጎምኩት።

ኦቦ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነቱን ነው" አሉ። "እኔም አለቃ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።"

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት ገብቼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ልጀምር ስል ኦቦ ከድር ሁለት ቁራጭ ብረት ሞርሳው ላይ አስረው ጠበቁኝ።

"ለምን እንዲህ አደረጉ?" አልኳቸው።

"አንተ ገና ጎጆ ልትወጣ ነው። ውሸታም የተባለ አስተርጓሚ ማን ይቀጥረዋል? የረሳ ሽማግሌ ግን አገር ምድሩን ሞልቶታል።"

"ዛሬውኑ ልንገረውና ይውጣልኝ።"

"ለማን ነው የሚወጣልህ? ለአንተ። ዛሬ ብትነግረው ሁለታችንም ውሸታም ነን፤ ጎተራውን የሚሠራም ይጠፋል። መጀመሪያ ሥሩን ተማር። ስታልፍ ያኔ ትነግረዋለህ።" ጭንብሉን ጭንቅላቴ ላይ ጣሉት። "ዓይንህን ተወው። አዳምጥ። ሁለት ድምፅ አለው። ከላይ እንደ ቅቤ ይንጫጫል፤ እሱ ለወሬኛ ነው። ከታች ሲያልፍ ግን ሰው እንደሚተነፍስ ይተነፍሳል። ትንፋሹን ካልሰማህ አልያዘም። ፒያኖ!"

አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የብረት ትንፋሽ ስሰማ ከረምኩ። አንዳንዴ የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ "ያዘ!" እላለሁ፤ በመዶሻው እጀታ አናቴን ይመቱኛል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሰማሁት። ቀጭን፣ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ፉፉ የሚል። ሳላስበው ጮህኩ። ኦቦ ከድር ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "እኔም ሰማሁ፤ አትጩኽ ያመልጥሃል" አሉኝ።

በሁለተኛው ፈተና ቀን ደግሞ ዘነበ። ሰባታችን ጠረጴዛችን ላይ ቆመን፣ አንድም ሰው እሳት አይጭርም። ታላቅ ውጭ ተቀምጦ እንዴት ይጀመራል? ኦቦ ከድር ይህን አውቀው ኖሮ፣ በበሩ አንገታቸውን አስገቡና፣ "ሁላችሁም ቢስሚላህም በሉ፣ በስመ አብም በሉ፤ ጀምሩ። ዛሬ እጄ የለበትም" ብለው ወጡ። ከግድግዳው ውጭ፣ ከክዳኑ ሥር በርሜል ላይ ተቀመጡ።

መሐንዲሱ በመስኮት አይቷቸው፣ "ሽማግሌው እዚያ ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ዝናብ ተጠልሎ ነው" አልኩት።

ስንጨርስ ሲጋራ ላጨስ ወጣሁ። ኦቦ ከድር ብረቱ ሳይቆረጥ፣ ሳይታጠፍ፣ "አምስታችሁ አልፋችኋል፤ ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሁለቱ ይደግማሉ" አሉኝ። "አንተ መሐል ላይ ፈርተህ ነበር። ግን ተመልሰሃል።" ከአንድ ሰዓት በኋላ ማጠፊያው ያንኑ ተናገረ፤ አምስት አለፈ፣ የመስኮቱ ሁለቱ ተሰነጠቁ። በግድግዳ ውስጥ፣ በዝናብ ውስጥ፣ የሰባት ሰው ብየዳ በጆሯቸው ፈተኑ። የምስክር ወረቀቱን ግን የሚሰጠው ወረቀት ያለው ሰው ነው፤ ኦቦ ከድር የሲሬን መጋዘን በር ሊያቃኑ ሄዱ።

እኔ ዲክሲስ ሄድኩ። እዚያ ስላለው ብርድ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ገብስ ራሱ ጋቢ ለብሶ ነው የሚበቅለው። ጎተራውን ሠራን። ጥሩ ሠራን፤ ይህ ጉራ አይደለም። በምረቃው ቀን ኦቦ ከድር በእህል ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ንግግሩ ሲያልቅ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

"የትኛው ነው ያንተ?"

አሳየኋቸው። ከኪሳቸው ትንሽ መዶሻ አውጥተው የጎን ተሸካሚውን ብረት እግር መታ አደረጉት፤ ብረቱ ረጅም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁ እስኪያልቅ ሰሙ።

"ይዟል" አሉ። ቀጥለው፣ "ነገርከው?"

መሐንዲሱ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቆ ከወረዳው ሹም ጋር እየሳቀ ነበር።

"አልነገርኩትም" አልኩ።

"እህ" አሉ። መዶሻቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "እዚህ ብርድ ነው። መኪናው ሳይሄድብኝ" ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሰላምታ አልነሱኝም፤ የጫማ ብሩሹን ያህል እንኳን አልተቆጡኝም። እሱ ነው የከበደኝ።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ሥራው ሁሉ ቆመ፤ መሐንዲሱም ሊሄድ ሻንጣውን አሰረ። ኦቦ ከድር በር ሲሠሩ ቆይተው ኦጎልቾ ወደ ማሳቸው ወርደው ነበር፤ ጥቂት ክረምት ቆይተው እዚያው አረፉ። መሐንዲሱን መኪናው ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ሰጥቼው ትንሽ ቆምኩ። እንግሊዝኛው ሁሉ ተሰልፎ ጥርሴ ጀርባ ቆሟል። "ቻው" አልኩት።

እሱም እንደ ስጦታ አንድ የምስጋና ደብዳቤ ሰጠኝ። በታይፕ የተጻፈ፣ ፊርማ ያለበት ነው። ሦስት ነገር ይላል፤ ጎበዝ በያጅ፣ ጥሩ አስተርጓሚ፣ እውነተኛ ሰው። በመስታወት አስገብቼ ከሱቄ ሒሳብ መቀበያ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኞቼ ያነቡታል፤ ያምኑኛል። ላወርደው አስቤ አውቃለሁ፤ አላወረድኩትም።